መሐል መንገድ የቆመ እጅ

ሠፈርተኛው «የእናቷ አፍ» ይላታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። እናቷ መስማት የተሳናት ናት። አባቷ ይሰማ ነበር፤ ግን በጣም ዝምተኛ ሰው ስለነበር በዚያ ቤት ብዙ የምታወራው መስማት የማትችለው እናት ነበረች። ልጅቷ ከአፏ በፊት በእጇ ነው የተናገረችው። ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት ከባለሱቁም፣ ከአከራይዋም፣ ከሐኪሙም ጋር በእናቷ ፋንታ የምትነጋገረው እሷ ሆነች። አንድ ቀን አከራይዋ ተናዳ፣ «ለዚች ደንቆሮ እናትሽ የውሃውን ቧንቧ ዝጊ በያት!» ስትላት፣ ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ፣ «ቧንቧውን ዝጊ ብላለች» አለቻት። «ደንቆሮ» የምትለዋን ዋጠቻት።

እንዲህ እየዋጠች አደገች። አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ አባቷ በጠና ታሞ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ እናትና ልጅን ኮሪደር ላይ አስቁሞ፣ «ከእንግዲህ እኛ የምናደርግለት ነገር የለም» አለ። ልጅቷ እጆቿን አነሳች። «ደህና ይሆናል ብሏል» አለቻት።

እናትየው ግን የሐኪሙን ፊት አይታ ነበር። ከአባቷ ቀብር አንድ ሳምንት በኋላ ልጅቷን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻትና ከፊቷ ተንበረከከች።

«የሰው ቃል ስትሰጪኝ አትቁረጪ፤ አትጨምሪበት። መራራ ከሆነ እኔ እውጠዋለሁ። የኔን ድርሻ አንቺ አትዋጪብኝ» አለቻት።

ልጅቷ አድጋ አስተርጓሚ ሆነች። ሰኞ ሆስፒታል፣ ረቡዕ ፍርድ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የጥንቱን የዕብራውያን መጽሐፍ የሚያጠኑበት አዳራሽ ትውላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ቆርጣ አታውቅም። የምትጨምረው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። የምልክት ቋንቋ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን አይለይም፤ ሁሉም በጣት ነው የሚጠቆመው። እሷ ግን ወደ ድምፅ ስትመልሰው ለትልቅ ሰው «እርስዎ» ታደርገዋለች። «ይቺን ፈጣሪም ይቅር ይለኛል» ትላለች።

አዳራሹ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ በላይ ያለ አሮጌ ፎቅ ነው። ከታች ቀኑን ሙሉ ኮምፕረሰር ያጓራል፤ መዶሻ ቸርኬ ይደበድባል። ጆሮ ያለው ሰው አንድ ሰዓት የሚችለው ቦታ ስላልሆነ ባዶውን ከርሞ ለእነሱ ተረፈ። ወለሉ ጣውላ ነው። አንዱ የሌላውን ዓይን መሳብ ሲፈልግ ወለሉን በእግሩ ይመታል፤ ያኔ ጎማ ጠጋኙ ራስ ላይ አቧራ ይረግፋል። ሰውየው እየተሳደበ ደረጃውን ይወጣና በሩ ላይ ሲደርስ ስድቡን ማን እንደሚሰማለት ግራ ይገባዋል። አንዴ እሷ ስድቡን አንድም ሳታስቀር ተርጉማላቸው ሃያ አንዱም ተማሪዎች በሳቅ ፈረሱ። እሱም ሳቀ።

መምህሩ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው። ያንን መጽሐፍ አርባ ዓመት አንብቦታል፤ ሲያስተምርም ባቡር እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ነው። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እጆቿ ላይ እንዲያርፍ እሷ መሐል ትቆማለች፤ እጆቿ እንዲጎሉም ሁልጊዜ ጥቁር ሹራብ ትለብሳለች። ተማሪዎቹ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ። መምህሩ ከኋላዋ በስተጎን ስለሚቆም ሦስት ዓመት ሙሉ ጀርባዋን እንጂ እጇን አይቶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ የደረሱት፣ ነገዶቹ ምድሪቱን ለመያዝ ወጥተው ሳይጨርሱ የቀሩበትን የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ነበር። መምህሩ ገና ሳይጀምር ጠጋ አላት።

«ልጄ፣ ዛሬ ዝርዝር ይበዛል። ከተማ በከተማ ስንዞር ሰዓታችን ያልቃል። ስሞቹን ዝለያቸው፤ ዋናው ነገር አላስወጧቸውም የሚለው ነው። አንዴ ብትያቸው ይበቃል።»

«መምህር፣ እርስዎ ካነበቡት እኔ እሰጣቸዋለሁ። መዝለል ከፈለጉ እርስዎ ይዝለሉት።»

«አንቺ ልጅ፣ ነገረ ፈጅ ሆነሻል።»

«ረቡዕ ረቡዕ ፍርድ ቤት ነው የምውለው፤ ተጋብቶብኝ ይሆናል።»

ሳቀ። «እሺ፣ እያንዳንዷን አነባለሁ። እጅሽ ሲዝል ግን እኔን እንዳትወቅሺ።»

ምዕራፉ ከባድ አጀማመር አለው። የቤዜቅ ንጉሥ ሸሽቶ ተያዘ፤ የይሁዳ ሰዎች የእጁንና የእግሩን አውራ ጣቶች ቆረጡት። እሱ ራሱ ሰባ ነገሥታትን እንዲሁ አድርጎ ከማዕዱ ሥር ፍርፋሪ ሲያስለቅም እንደኖረ ተናገረ፤ እንደ ሥራዬ ተከፈለኝ አለ። አስተርጓሚዋ ይህን ስትሰጥ ግማሽ ክቡ ክው አለ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ብረት በያጁ፣ ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተታቸው። ሌላዋ ተማሪ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ወለሉን በእግሯ መታች።

«ከዚያ በኋላ እንዴት ተናገረ?» ብላ ጠየቀች።

አስተርጓሚዋ ጥያቄውን በድምፅ ለመምህሩ ተረጎመችለት።

«እንዴ! በአፉ ነዋ!» አለ መምህሩ።

ሲገባቸው ሳቁ። ንጉሡ ለካ የሚሰማ ሰው ነበር! ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከተማሪዎቹ ጋር ከፊት የተቀመጠችው የአስተርጓሚዋ እናት አውራ ጣቶቿን መዳፏ ውስጥ አጥፋ ለመናገር እየሞከረች ነበር። «ልጄ» ለማለት ሞከረች፤ አልወጣላትም። «ውሃ» አልወጣላትም። እጇን አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። መምህሩ ለምን ክፍሉ እንደረጋ አልገባውም፤ ንባቡን ቀጠለ።

የይሁዳ ነገድ ደጋውን ያዘ፤ በሜዳው የሚኖሩትን ግን ማስወጣት አልቻለም፤ የብረት ሰረገላ ነበራቸው። ብረት በያጁ እዚህ ላይ ነፍሱን አላወቀም። ዕድሜውን በሙሉ ከብረት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ተነስቶ ከባድ መንኮራኩር ዳገት ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት፣ ሜዳ ላይ ግን ማንም ፊቱ እንደማይቆም በእጁ አሳያቸው። «እኔም ብሆን ደጋው ይበቃኛል ነው የምለው» ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ዝርዝሩ መጣ።

በእጅ የሚናገር ሰው ስለ አንድ ሕዝብ ሲያወራ መጀመሪያ ፊቱ ባለው አየር ላይ ቦታ ይሰጠዋል። እዚህ ጋ እነ እከሌ፣ እዚያ ጋ እነ እከሌ። ከዚያ በኋላ ያቺን ቦታ በጣቱ ከጠቆመ ሰዎቹን ማለቱ ነው። ድምፅ እንደተነገረ ይጠፋል፤ አየር ላይ የተተከለ ሰው ግን ተናጋሪው ራሱ እስኪያነሳው ድረስ እዚያው ነው፤ የሚያዩት ሁሉ ቦታውን ይዘውለታል።

ብንያም በኢየሩሳሌም የነበሩትን ኢያቡሳውያን አላስወጣም። አስተርጓሚዋ ብንያምን ተከለች፣ ኢያቡሳውያንን ተከለች፣ የብንያምን እጅ ለመግፋት ላከችው፤ እጁ መሐል መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመለሰም። ምናሴ ቤትሳንን አላስወጣም፣ ታዕናክን፣ ዶርን፣ ይብለዓምን፣ መጊዶንም። አምስቱንም በጣት ፊደል እየጻፈች አምስት ቦታ አቆመቻቸው፤ የምናሴ እጅ አምስቴ ሄዶ አምስቴ ቆመ። ኤፍሬም የጌዝርን ሰዎች አላስወጣም፤ መካከሉ ተቀመጡ። ዛብሎንም እንዲሁ፤ መካከሉ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን ገበሩለት። በግራ ክንዷ ነገዱን እንደ አጥር ከባ፣ በቀኝ ጣቶቿ የቀሩትን ሰዎች ክንዷ ውስጥ ታስቀምጣለች። እናትየው «ጉልበታቸውን ገበሩለት» የሚለው ላይ ራሷን ነቀነቀች። ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ የተኮሰች ሴት ናት።

መምህሩ ወደ አሴር ነገድ ተሻገረ። ከተሞቹን ጠራ፤ ሰባት ናቸው። አስተርጓሚዋ ሰባቱንም አቆመች፤ የአሴር እጅ ሄዶ ቆመ። ከዚያ በለመደው ክንዷ አጥሩን ልትሠራ ስትል ቀኝ እጇ አየር ላይ ደረቀ።

«መምህር፣ ይድገሙልኝ። ማን ነው መሐል የገባው?»

«አሴር በከነዓናውያን መካከል ተቀመጠ ነው የሚለው።»

«ቅድም እነሱ ነበሩ እኮ በነገዱ መካከል የተቀመጡት።»

«ያው ነው ልጄ፤ ተቀላቅለው ኖሩ ማለት ነው።»

«ያው አይደለም፣ መምህር። እጄ ተገለበጠ።»

መምህሩ መነጽሩን አድርጎ ወደ ገጹ ጎንበስ አለ። ጣቱን ወደ ኋላ ወሰደ፤ ኤፍሬም፣ ዛብሎን። ወደ ፊት አመጣው፤ አሴር፣ ቀጥሎ ንፍታሌም። ቅድም የቀሩት ሰዎች ነበሩ በነገዶቹ መካከል የሚኖሩት። አሁን ነገዶቹ ናቸው በሰዎቹ መካከል የሚኖሩት። ቃሉ በዝምታ ተገላብጧል፤ ጸሐፊው አንድም ቦታ «ልብ በሉ» አላለም። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እንዳለው ስጫቸው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰጠቻቸው። ትልቁ ክንድ አሁን የከነዓናውያን ሆነ፤ አሴር ጣት አክሎ ክንዱ ውስጥ ገባ። ንፍታሌምም ተከተለው። ቀጥሎ ዳን መጣ። ዳንን ተከለች። አሞራውያንን ተከለች። የሚገፋው እጅ ግን ከዳን በኩል አልተነሳም፤ ከወዲያ ማዶ ተነሳ። አሞራውያን ዳንን ወደ ተራራው ገፉት፤ ወደ ሸለቆውም እንዲወርድ አልፈቀዱለትም። በዝርዝሩ ሁሉ ሲሄድ መሐል ላይ ሲቆም የኖረው እጅ እዚህ ጋ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሄደ።

ምዕራፉ አለቀ። እጆቿን አወረደች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያላስተረጎመችው ነገር የለም፤ ሞትም፣ ፍርድም፣ ፍቺም፣ የጎማ ጠጋኝ ስድብም። ያኔ የምታስበው ስለሚቀጥለው ቃል ነበር። አሁን ግን ፊቷ ያለው ባዶ ጣውላ በሰው ተሞልቶባታል። እሷ አንዳቸውንም አላነሳችም፤ የሚነሱበት ቃል አልተነበበላትማ።

የእረፍት ሰዓት ነበር። እናትየው ጥግ ላይ ካለው ማሰሮ ውሃ ልትቀዳ ተነሳች። አቋራጩ በአዳራሹ መሐል ነው። እሷ ግን በግድግዳው ዳር ዳር ዞረች። ከኋላዋ ብረት በያጁ ተነሳ፤ እሱም ዞረ። ፀጉር ሠሪዋም ዞረች። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ መሐሉን የሚረግጥ ጠፋ እንጂ። መምህሩ ይህን አየ። ሃያ አንድ ሰው ባዶ ወለል ሲሸሽ ማየት ግራ አጋባው።

«ምን ሆነው ነው?» አላት።

«ሰዎቹ እዚያ ናቸው፣ መምህር።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ያልወጡት።»

ተመልሰው ሲቀመጡ ፀጉር ሠሪዋ ወለሉን መታች። «ባለፈው ወር እኮ ምድሪቱን ሁሉ ያዙ፣ ጦርነቱም አበቃ ብላችሁ ነበር» አለች፤ ጣቷን ወደ አስተርጓሚዋ ቀስራ፣ «አንቺ ራስሽ በመዳፍሽ እንዲህ ጠርገሽ አሳየሽን። ታዲያ እነዚህ ከየት መጡ?»

መምህሩ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። በፍጥነት ጀመረ። አንዳንዶች፣ የመጀመሪያው ታሪክ ስለ ታላላቆቹ ነገሥታት መሸነፍ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ መንደር በመንደር ስለ መስፈር ነው ይላሉ። አንዳንዶች፣ ሁለት የተለያዩ ትዝታዎች ናቸው፣ መጽሐፉን ያሰባሰበው ሰው አንዱን ለማዳን ሲል ሌላውን አልሰረዘም ይላሉ። ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ደግሞ አለማስወጣታቸውን በጥፋት ይቆጥርባቸዋል፤ ሕዝቡም ሲነገረው አልቅሷል። ይህን ሁሉ እየተናገረ ሩጫው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ቆመ።

«የትኛው እንደሆነ ግን... አላውቅም» አለ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። አስተርጓሚዋ እንዳለ ሰጠቻቸው። ብረት በያጁ ለጎረቤቱ፣ «ሰውየው ዛሬ ጨዋታ አመጣ» አለው፤ ይህንንም ለመምህሩ ተረጎመችለት። ፈገግ አለ።

ያኔ እናትየው እጇን አነሳች። ስትናገር ቀስ ትላለች፤ ምልክቶቿ ዛሬ ልጆች የማይጠቀሙባቸው የድሮ ምልክቶች ናቸው።

«ይህን የጻፈው ማነው? ከተሸነፉት ነው ወይስ ካሸነፉት?»

«ከነገዶቹ ወገን ነው፤ ልጆቻቸው» አለ መምህሩ።

«እንዲያ ከሆነ ሊደብቁት ይችሉ ነበር። ሜዳው ላይ የቀሩት ሰዎች መጥተው አይከሷቸውም። አባቶቻችን ሁሉንም ጨረሱ ብለው ቢጽፉ ማን ያያል?» ትንሽ አሰበች። «አባቶቻችን እዚህ ጋ አልቻሉም፣ እዚያም ጋ አልቻሉም ብለው ከነከተማው ስም ጻፉ። የቀሩት ሰዎች ከተሞች ስም እስከ ዛሬ የቆየው በእነዚሁ ጸሐፊዎች እጅ ነው።»

አስተርጓሚዋ አንድም ሳትቆርጥ በድምፅ ሰጠችው። መምህሩ መጽሐፉን ይዞ ከቆመበት ወጣና እናትየው አጠገብ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከተማሪዎቹ ጋር፣ ፊት ለፊት።

«ልጄ፣ ዝርዝሩን እንደገና በይልኝ። እኔ አላነብም። በጣቴ እከተልሻለሁ።»

ፀጉር ሠሪዋ የራሷን መጽሐፍ ለአስተርጓሚዋ ወንበር ላይ ዘርግታ ገጹን ያዘችላት። አስተርጓሚዋ ጀመረች። ከታች ኮምፕረሰሩ ያጓራል፤ መምህሩ አልሰማውም። ምልክት አያውቅም፤ ግን የሚሄደውንና የሚቆመውን እጅ ለማየት መማር አያስፈልግም። ብንያም ሲቆም ጣቱ ገጹ ላይ ቆመ። ምናሴ አምስቴ ሲቆም ጣቱ አምስት ስሞችን ነካ። ክንዷ ተገልብጦ አሴር ወደ ውስጥ ሲገባ እጁን በአፉ ጫነ። ዳን ላይ ሲደርሱ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«አርባ ዓመት ነው ያነበብኩት» አላት ሲጨርሱ። «በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላየሁትም።» ተማሪዎቹን ዞሮ አያቸው፤ «እነሱ በአንድ ቀን አዩት።»

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ መምህሩ ወንበሩን ወደ ግማሽ ክቡ አዛወረ። ምልክት መማርም ጀመረ። የመጀመሪያዋ ቃሉ «አላስወጣም» ሆነች፤ ሌላ ስላልነበረው ለሁሉም ነገር ይጠቀምባት ነበር። አንድ ቀን መስኮቱን አልዘጋሁትም ሊል ፈልጎ መስኮቱን ከአገሩ አላስወጣሁትም ብሎ እናትየውን ሆዷን እስኪያማት አሳቃት።

በሌላ ከተማ ያሉ መስማት የተሳናቸው አጥኚዎች ወሬውን ሰምተው ምዕራፉን በስልክ ቀርጻችሁ ላኩልን አሉ። ሁሉም ወደ አስተርጓሚዋ አዩ። እሷ ግን እናቷን አየች።

«እማዬ ትበለው። እኔ ከፊት ሆኜ አይቼው አላውቅም» አለች።

እናትየው መጀመሪያ እንቢ አለች፤ የኔ ምልክት የድሮ ነው፣ ልጆች ይስቁብኛል አለች። በኋላ የልጇን ጥቁር ሹራብ ተውሳ ለበሰችና መስኮቱ ብርሃን ላይ ቆመች። መምህሩ ስልኩን ወንበር ጀርባ ላይ አስደገፈው። ልጅቷ መሬት ላይ፣ ከስልኩ አጠገብ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች።

እናትየው አልቸኮለችም። እያንዳንዱን ከተማ ስታቆም ልብስ እንደምትተኩስ ሴት መዳፏን ዘርግታ፣ ቦታውን ደልድላ ነበር። የሚገፋው እጇ በሄደ ቁጥር በእውነት የሚደርስ ይመስላል፤ ከዚያ ይቆማል። ልጅቷ ቀጥሎ የሚመጣውን በልቧ ታውቀዋለች፤ ሆኖም እጁ በቆመ ቁጥር ትንፋሿ አብሮ ቆመ። አንድ በአንድ ተሞሉ፤ ኢየሩሳሌም፣ ቤትሳን፣ መጊዶ፣ ጌዝር፣ አኮ። ጨረሰችና እጆቿን አወረደች፤ ከቦታዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

የላኩት ቅጂ ሰባት ደቂቃ ነው። ስሞቹ የሚያልቁት አምስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። የቀረው ሁለት ደቂቃ አንዲት አሮጊት እጇን አውርዳ ባዶ ወለል ስታይ ነው፤ ስልኩን ሄዶ ማጥፋት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።